ከዱባይ ወደ ራስ ደጀን ለሚመጣው ልጄ

ደባርቅ

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ከረምህ? እኔ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ፤ ብርዱ ጉልበቴን አልፎ አልፎ ከመነካካቱ በቀር ጤናዬ መልካም ነው። ባለፈው ሳምንት በስልክ የነገርኸኝን የጉዞ ዕቅድ ሌሊቱን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ አደርሁና፣ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ተረጋግቼ ልጽፍልህ ወሰንሁ።

ያልኸኝ እንዲህ ነበር፤ ከዱባይ ተነሥተህ አዲስ አበባ ታድራለህ፣ በማግስቱ ጧት አዘዞ ላይ ከአውሮፕላን ትወርዳለህ፣ እዚያው መኪና ይዘህ ደባርቅ ላይ እኔን ስመህ ታልፍና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ተራራው ላይ ካለው ማደሪያ ከጨነቅ ትገባለህ፣ በማግስቱም አንድ ቀን እንኳ ሳታርፍ ከሥራ ባልደረባህ ጋር ወደ ራስ ደጀን ትቀጥላለህ። «አይከብዳችሁም ወይ?» ብዬ ብጠይቅህ፣ «እማዬ፣ እኔ እኮ የደባርቅ ልጅ ነኝ» አልኸኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ያ ቃልህ ነው። የደባርቅ ልጅ መሆንህ እውነት ነው፤ ሳምባህ ግን ዘጠኝ ዓመት የኖረው ዱባይ፣ ባሕር ወለል ላይ ነው።

ብዙ ሰው ተራራ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ስለሚቀንስ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ዱባይም ሆነ ራስ ደጀን ላይ ከአየሩ 21 በመቶ የሚሆነው ኦክስጅን ነው። የሚለወጠው የአየሩ ግፊት ነው። በባሕር ወለል 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው ግፊት፣ 4,550 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በራስ ደጀን ጫፍ (የድሮ መጻሕፍት 4,620 ይሉታል) ከ450 በታች ይወርዳል። ይህም ማለት ያንኑ ያህል አየር ወደ ውስጥ ብትስብም፣ ወደ ሳምባህ የሚገባው ኦክስጅን ዱባይ ላይ ከምታገኘው ከግማሽ እምብዛም የማይበልጥ ነው ማለት ነው።

ሰውነት ይህን ጉድለት ለመሙላት መጀመሪያ የሚያደርገው ትንፋሽን ማፍጠን ነው። አንገታችን ውስጥ ከትላልቆቹ የደም ቧንቧዎች አጠገብ የኦክስጅንን ማነስ የሚያውቁ ጥቃቅን አካላት አሉ፤ እነርሱ አንጎልን ሲቀሰቅሱት ትንፋሽ ይበዛል፣ ልብም አብሮ ይፈጥናል። ነገር ግን ትንፋሽ ሲበዛ የተቃጠለው አየር ከልክ በላይ ይወጣና የደሙ ኬሚካላዊ ሚዛን ይዛባል፤ አንጎልም ይህን ሲያይ ትንፋሹን መልሶ ይገታዋል። አዲስ መጤ ሰው ተራራ ላይ ሌሊት ትንፋሹ ለአፍታ ቁርጥ ብሎ፣ ወዲያው በኃይል ስቦ፣ ደንግጦ የሚነቃው በዚህ ምክንያት ነው። ኩላሊት ይህን ሚዛን አስተካክሎ ትንፋሽ እንደ ልብ እንዲሄድ እስኪያደርግ ቀናት ያስፈልጉታል። ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ ለማምረት ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። አንተ ለዚህ ሁሉ የሰጠኸው ጊዜ ሁለት ሌሊት ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን የሳምባው የደም ቧንቧ ነው። በሌላው የሰውነት ክፍል ኦክስጅን ሲያንስ የደም ቧንቧ ይሰፋል፤ በሳምባ ውስጥ ግን ይጠባል። ይህ በአዘቦት ቀን ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሳምባው አንዱ ጥግ በአክታ ቢደፈን ደሙ ከዚያ ተመልሶ አየር ወዳለበት ወገን ይሄዳል። ተራራ ላይ ግን ኦክስጅን ያነሰው በመላው ሳምባ ስለሆነ ቧንቧዎቹ በያሉበት ይኮማተራሉ፤ ያውም እኩል አይኮማተሩም። እምብዛም ባልጠበበው በኩል ደሙ በኃይል ሲገፋ፣ ደሙን ከአየር ከረጢቶቹ የሚለየው እጅግ ስስ ግድግዳ ፈሳሽ ማስረግ ይጀምራል። አየር ሊገባበት የሚገባው ቦታ በውኃ ይሞላል። ሰውየው ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጦ ከገዛ ደሙ በወጣ ፈሳሽ ይታፈናል።

ይህን ከመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንተ ገና ስድስተኛ ክፍል ሳለህ ከደባርቅ በላይ በነበረ አንድ ጤና ጣቢያ ሌሊት ተረኛ ነበርሁ። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ አንድ ወጣት በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልኝ። የዚያው አገር ተወላጅ ነው፤ አራት ዓመት ጅዳ ሠርቶ ለእኅቱ ሠርግ ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ሳል ሲጀምረው ቤተሰቡ «ምች መትቶታል» ብለው ዳማከሴ አጠጥተውታል። ላስተኛው ብል እምቢ አለ፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ተቀምጦ ብቻ ነበር መተንፈስ የሚችለው። ከንፈሩና ጥፍሮቹ ጠቁረዋል። ማዳመጫዬን በቀኝ ብብቱ ሥር ሳስጠጋ፣ እሳት ውስጥ የወደቀ ጨው ሲንጣጣ የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሲያስለው የተፋው አክታ እንደ ሳሙና አረፋ ሆኖ ፈዘዝ ያለ የደም ቀለም ነበረው። ትንሽ ትኩሳትም ስለነበረው፣ ካርዱ ላይ «የሳምባ ምች» ብዬ ጻፍሁና ፔኒሲሊን ወጋሁት፤ ለቤተሰቡም እስኪነጋ እንዲጠብቁ ነገርኋቸው።

ከዚያ ከባድ ስሕተት ያወጣኝ ከእኔ በዕድሜም በሥራም የሚበልጥ፣ እዚያው ግቢ የሚያድር ጤና መኮንን ነበር። ተጠርቶ እንደ መጣ ከሁሉ አስቀድሞ የጠየቀው «ከቆላ የመጣው መቼ ነው?» ብሎ ነው። መልሱን እንደ ሰማ «አሁኑኑ አውርዱት፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው» አለ። እህል የጫነ አንድ አይሱዙ ከመንገድ አስቁመን፣ ልጁን ከሾፌሩ ጎን በተቀመጠበት ደግፌ ወረድን። ደባርቅ ስንደርስ ውኃ አምጡልኝ ማለት ቻለ። ሲነጋጋ ጎንደር ሆስፒታል ገብቶ ኦክስጅን ተሰጠው፤ በሦስተኛው ቀን ጠይቄው በእግሩ ሲመላለስ አገኘሁት። ያን ሌሊት እኔ ባልሁት ብንቆይ ኖሮ ይህ ልጅ ለጧት ባልደረሰ ነበር፤ እስከ ዛሬ ስጸልይ አስበዋለሁ።

ኋላ ሳነብ፣ ያንኑ ስሕተት ከእኔ በፊት ታላላቅ ሐኪሞችም ይሠሩት እንደ ነበር ተረዳሁ። ተራራ ላይ በድንገት ሳምባቸው ውኃ የቋጠረ ሰዎች ለረጅም ዘመን የሳምባ ምች እየተባሉ ይታከሙ ነበር፤ ችግሩ ራሱን የቻለ ሕመም መሆኑን አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ሂዩስተን እ.ኤ.አ. በ1960 በሕክምና መጽሔት ጽፎ ለሰፊው ዓለም አሳወቀ። ከእርሱ ቀደም ብለው የፔሩ ሐኪሞች ያስተዋሉት ነገር ግን ለአንተ ይበልጥ የሚመለከትህ ነው። በአንዲስ ተራሮች ተወልደው ያደጉ ሰዎች ወደ ባሕር ዳርቻ ወርደው ቆይተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ በተመለሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳምባቸው በፈሳሽ ይሞላ ነበር። ደገኛ ሆኖ መወለድ አላዳናቸውም። የጅዳውን ልጅም አላዳነውም።

«የእኛ ሰው ለከፍታ የተፈጠረ ነው» ያልኸኝም መሠረት የሌለው ነገር አይደለም፤ እንዲያውም የሚያኮራ ታሪክ አለው። በሲንቲያ ቢል የሚመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ እዚሁ ሰሜን ተራሮች ውስጥ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ገበሬዎችን ደም መርምረው ነበር። የአንዲስ ደገኞች ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ ከፍ ያለ፣ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ያለ መሆኑ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። የእኛዎቹ ግን ሄሞግሎቢናቸውም ሆነ የኦክስጅን መጠናቸው በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ፤ ደማቸው ሊሸከም ከሚችለው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶውን ይዞ ነበር። በአንዲስ ያ የበዛ ደም በአንዳንዶች ላይ ከልክ አልፎ እየወፈረ ልብንና ሳምባን የሚያደክም በሽታ ያመጣል፤ በፔሩ ሐኪም በካርሎስ ሞንጌ ስም ይጠራል። እንግዲህ አባቶቻችን ያወረሱን ነገር ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ልብ በል ልጄ፤ የተመረመሩት እዚያው ውለው እዚያው የሚያድሩ፣ ገብሳቸውን እዚያው የሚዘሩ ሰዎች ናቸው። ስለ ማሞ ወልዴም አንሥተህብኝ ነበር። ማሞ እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ማራቶን ያሸነፈው ከዱባይ መጥቶ አይደለም፤ ከፍታ ላይ እየኖረ፣ ከፍታ ላይ እየሮጠ ነው። ጂም ውስጥ ያዳበርኸው ጡንቻም ከዚህ ሕመም አይከልልም፤ ብርቱ ሰው ቶሎ ስለሚወጣ እንዲያውም ቶሎ ይጋለጣል።

ስለዚህ ዕቅዱን እንዲህ አድርገህ እንድትለውጠው እለምንሃለሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድርበት ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ማለት የለበትም። ጎንደር ሁለት ሌሊት እደር። ከዚያ 2,850 ሜትር ላይ ባለው በእናትህ ቤት ሌላ ሁለት ሌሊት ታድራለህ፤ ይህን የምለው ናፍቆቴን ለመወጣት ብቻ አይደለም። ከዚያ ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ላይ ታድራላችሁ፤ ቀጥሎ ግጭ፣ ቀጥሎ ጨነቅ፤ ሁለቱም 3,600 አካባቢ ስለሆኑ ሰውነት ያርፍባቸዋል። ከጨነቅ ወደ ራስ ደጀን የሚወስደው መንገድ በራሱ ጥሩ ነው፤ የቧሂትን መተላለፊያ 4,200 ሜትር ላይ አቋርጦ 3,200 ወዳለው ወደ አምቢቆ ይወርዳልና፣ ቀን ከፍ ብላችሁ ውላችሁ ማታ ዝቅ ብላችሁ ታድራላችሁ። የመንገዱን ሰላም እኔ ከዚህ እየጠየቅሁ አሳውቅሃለሁ።

ከ2,500 ሜትር በላይ በወጣችሁ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ራስ ቢያማችሁ፣ ምግብ ቢያስጠላችሁ፣ ቢያቅለሸልሻችሁ፣ ያ የከፍታ ሕመም መጀመሪያ ነው፤ እስኪለቃችሁ ድረስ ካላችሁበት ከፍ አትበሉ። ተቀምጠህ እያረፍህ ትንፋሽ የሚያጥርህ ከሆነ፣ ደረቅ ሳል ከያዘህ፣ ትናንት በቀላሉ የሄድኸው መንገድ ዛሬ እግርህን ካሰረው፣ ሳምባህ ውኃ መቋጠር ጀምሯል ብለህ ቁጠረው። ብዙውን ጊዜ የሚብሰውም ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሌሊት ነው። ባልደረባህ ንግግሩ ቢምታታ ወይም እንደ ሰከረ ሰው ቢንገዳገድ፣ መሬት ላይ መስመር ሥራለትና ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት እያገናኘ እንዲራመድ ጠይቀው፤ ካልቻለ አንጎሉ አብጧል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሌሊት ነው፣ ይነጋል፣ በቅሎ የለም አይባልም። ቢያንስ 500፣ ቢቻል 1,000 ሜትር ታወርደዋለህ፤ ብቻውንም እንዲወርድ አትሰደው። መንገድ መሪውም፣ አብሯችሁ የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ (ስካውቱ)ም ይህን አስቀድመው እንዲያውቁ በመጀመሪያው ቀን ንገራቸው።

ከመነሣትህ በፊት እዚያው ሐኪም ዘንድ ሂድና ስለ አሴታዞላማይድ ጠይቅ። ኩላሊትን አግዞ ሰውነት ከፍታን ቶሎ እንዲለምድ የሚያደርግ መድኃኒት ነው፤ ለመከላከያ አብዛኛውን ጊዜ 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ከመውጣት አንድ ቀን አስቀድሞ ይጀመራል። የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ግን ለሐኪሙ ሳይናገር እንዳይወስደው። የድሮ ጓደኞችህ «እንኳን ደህና መጣህ» ብለው አረቄ እንደሚያቀርቡልህ አውቃለሁ፤ ከተራራው እስክትወርድ ድረስ አትቅመስ፤ የእንቅልፍ ኪኒንም እንደዚያው፤ ሁለቱም በሌሊት ትንፋሽን ያደክማሉ። የአክስትህ ቤት ጎራ ካላችሁም ከምድጃው ጭስ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ በዚህ ከፍታ ሳምባ የሚያንሰው ጭስ አይደለም። እርሷ እንዳትቀየም እኔ አስቀድሜ እነግራታለሁ።

ስትመጣ ጣት ላይ የሚቆነጠጠውን የኦክስጅን መለኪያ ይዘህልኝ ና፤ የእኔው ባትሪው ከሞተ ቆየ። ገና ዱባይ ሳላችሁ አርፋችሁ ተቀምጣችሁ የሁለታችሁንም ለኩና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። ደባርቅ የገባችሁ ማታ እኔ ራሴ እለካችኋለሁ፤ ጧት ከአልጋ ሳትነሡ ደግሞ እደግመዋለሁ። ቁጥሩ ዱባይ ካለው ማነሱ አይቀርም፤ እኔ የማየው ከሌሊት ወደ ጧት ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች እንደሚሄድ ነው። ወደ ታች ከሄደ ሳንቃ በር አንድ ቀን ይቆየን። በቅሎዎቹን የሚያከራየንን ሰው ከማነጋገሬ በፊት የጨመርኸውን የቀን ብዛት ደውለህ ንገረኝ።

እናትህ