ለወጣቶች ጉዞ ስለመረጥናቸው የአሉሚኒየም ታንኳዎች ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወላጆችና የወጣት ቡድን አስተባባሪዎች፣

በዚህ ሰመር ልጆቻችሁ በሰሜን ሚኒሶታ ወዳለው የሐይቆችና የጫካ ክልል፣ ወደ ባውንደሪ ዋተርስ፣ ሲወጡ ኬቭላር ከሚባለው ሰው ሠራሽ ክር በተሠሩት ቀላል ታንኳዎች ፋንታ የአሉሚኒየም ታንኳ ስለሰጠናቸው ብዙዎቻችሁ እንደተከፋችሁ አውቃለሁ። «ለትልልቁ ቀላሉን፣ ለልጆቹ ከባዱን» የሚል መልእክት ደርሶኛል፤ የልጃቸውን ትከሻ የቀላ ቦታ ፎቶ አንሥተው የላኩልኝ እናትም አሉ። ስለተፈጠረው ቅሬታ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውሳኔው ግን በደንብ ታስቦበት የተወሰነ ስለሆነ ምክንያቱን በዝርዝር እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

ስለ ክብደቱ የተባለው እውነት ነው። የኬቭላሩ ታንኳ 42 ፓውንድ፣ ማለትም 19 ኪሎ ያህል ሲመዝን፣ ባለ 17 ጫማው አሉሚኒየም 75 ፓውንድ፣ ማለትም 34 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ለመሻገር ታንኳን ተሸክሞ በጫካ መሄድ ግድ በሚሆንበት አገር ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ሆኖም ታንኳው ትከሻ ላይ የሚሆነው ከቀኑ ለጥቂቱ ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሰዓት የሚያሳልፈው ውሃና ድንጋይ ላይ ነው።

ኬቭላሩ ቀላል የሆነው ገላው ስስ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ድንጋይ እንዳይቧጭረው ቀዛፊው ዳር ሳይደርስ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ታንኳው እንደተንሳፈፈ ዕቃውን አውርዶ፣ ከዚያ በእጁ አንሥቶ ማውጣት አለበት። የ13 ዓመት ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ከነፋስ ጋር ሲታገል ውሎ፣ ዝናብ ደብድቦት የማደሪያውን ቦታ ሲያይ፣ የታንኳውን አፍንጫ ግራናይቱ ላይ ሰቅሎ ዘሎ ይወርዳል። ባለፈው ሰመር ከወጣቶች ጉዞ የተመለሰ አንድ ታንኳ ገልብጬ ሳይ ሽፋኑ ተልጦ የኬቭላሩ ቢጫ ክር ፈጥጦ ወጥቶ ነበር፤ ልጆቹም በፕላስተር ደራርበው ለጥፈውት ነበር። ልጆቹን አልወቅስም፣ በልጅ ደንብ ነው የተጫወቱት፤ ያ ታንኳ ግን ለእነርሱ የሚሆን አልነበረም። ይህ የሆነው ከመንገድ የአንድ ቀን ቀዘፋ ርቀት ላይ፣ ስልክ በማይሠራበት፣ በአብዛኛው ሞተር በተከለከለበት ጫካ ውስጥ መሆኑን አስቡልኝ። አሉሚኒየም ድንጋይ ሲመታ ይጎደጉዳል እንጂ በቀላሉ አይቀደድም፤ የጎደጎደውን እኔው በጎማ መዶሻ አቀናዋለሁ። ሰፊና ጠፍጣፋ ወለሉም ገና መቅዘፍ ለሚማር ልጅ የተረጋጋ ነው። ድምፁ ይበዛል፣ ጠዋት ጠዋትም ይቀዘቅዛል፤ ይህንንም አልደብቅም።

በመካከል የሚሆን ነገር አልፈለግሁም ማለት አይደለም። ከዚህ በፊት የወጣቶች ጉዞ የሚተማመነው ሮያሌክስ በሚባለው የፕላስቲክ ዓይነት ነበር፤ ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለቆመ ያሉን አርጅተው ሲያልቁ የምንተካበት አጣን። በእርሱ ምትክ የመጣውን ቲ-ፎርሜክስንም አይቼዋለሁ፤ ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ዋጋው ከአቅማችን በላይ ሆነ።

አንዳንዶቻችሁ «ርካሹን ገዛ» ያላችሁት ቃል ግን ከልቤ አልወጣ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ በአሉሚኒየም ላይ የጣለችው ቀረጥ መጀመሪያ ወደ 25፣ ከዚያም ወደ 50 በመቶ ከፍ ሲል የታንኳውም ዋጋ አብሮ ወጣ። ኢንሹራንሱ፣ ልጆቹን እስከ ጫካው መግቢያ ከተማ እስከ ኢሊ የምናደርስበት ነዳጅ፣ የተጎታቹ ጎማ፣ ሁሉም ጨምሯል፤ በወጣቶች ክፍያ ላይ ግን አንድ ዶላር አልጨመርኩም። ጣና ዳር ላደግሁ ሰው ታንኳ የሩቅ ነገር አይደለም። ይህንን ድርጅት ያቋቋምኩት ሌሊት ታክሲ እየነዳሁ ባጠራቀምኩት ገንዘብ፣ ያገለገሉ የአሉሚኒየም ታንኳዎች ገዝቼ ነው፤ እነርሱ ከእኔ ዕድሜ ብዙም የማያንሱ ሲሆኑ ዛሬም ሐይቅ ላይ ናቸው። ያኔ «ሐበሻ ልጁን ጫካ አይልክም» ሲሉኝ የመጀመሪያዎቹን ልጆች በአደራ የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። ያንን አደራ ለገንዘብ የምለውጥ ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ቅሬታችሁን ሰምቼ ያስተካከልኩትም አለ። ታንኳ የሚሸከሙበት ቀንበር ሁሉ ወፍራም የስፖንጅ ትራስ ተደርጎለታል። የጫካው ደንብ በአንድ ቡድን ከ9 ሰውና ከ4 ታንኳ በላይ ስለማይፈቅድ 9 ሰው በሦስት ታንኳ እናሰማራለን፤ በየታንኳው ካሉት ሦስት ሰዎች ሁለቱ ታንኳውን አብረው ይሸከማሉ፣ ሦስተኛው ሻንጣ ይይዛል። ከእንግዲህ ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን ታንኳ እንዲሸከም አይፈቀድም። ዕድሜያቸው ከፍ ያለና ቀዘፋ የለመዱ ቡድኖች ኬቭላር ከፈለጉ፣ መሪያቸው አስቀድሞ ከእኔ ጋር ግማሽ ቀን ሐይቅ ላይ ከሠለጠነ እሰጣለሁ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ግቢያችን ክፍት ነው። ሁለቱንም ዓይነት ታንኳ ጎን ለጎን አስቀምጬ እጠብቃችኋለሁ፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ ራሳችሁ አንሥታችሁ እዩት። ከዚያም በኋላ ያልተስማማችሁ ብትኖሩ ለነሐሴ ጉዞ የከፈላችሁት ሙሉ በሙሉ ይመለስላችኋል። እኔ ግን ባትሄዱብኝ እመርጣለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት
ሚኒያፖሊስ