ሁሉም «ይናከሳል ወይ?» ብሎ ነው የጠየቀኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሰሞን በዚሁ ገጽ ላይ አንድ አንባቢያችሁ በየመንገዱ ስለሚርመሰመሱ ውሾች አምርረው ጽፈው ነበር። «እነዚህ ሁሉ ከየት ይመጣሉ?» ብለው ጠይቀዋል። ከየት እንደሚመጡ እኔ አውቃለሁ። እንደኔ ካለ ሰው ግቢ ነው የሚመጡት። እንዲያውም አንዱን እኔ ራሴ ልጨምርላቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ።

የምኖረው ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። የዩኒፎርም ሰሞን ቀን ከሌት እሰፋለሁ፤ ሌላ ጊዜ ሥራዬ ዚፕ መቀየርና ሱሪ ማሳጠር ነው። የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ ልጄ አንድ ቡችላ በካርቶን ይዞ ገባ። ያመጣው ከእህል መጋዘን ነው። እናቲቱን ለጥበቃ ያሰሯት እዚያ ነበር፤ ቡችሎቹ እስከ ሦስት ወራቸው ከዚያ ጨለማ ወጥተው አያውቁም። ልጄ ሲሮጥ አየውና «መብረቅ» ብሎ ስም አወጣለት። ውሻው ግን በዓለም ላይ አብዝቶ የሚፈራው መብረቅን ሆኖ ቁጭ አለ።

መብረቅን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ጃንጥላ ይፈራል። የባጃጅ ጥሩንባ ይፈራል። ኮፍያ ያደረገ ወንድ ካየ ግድግዳ ይጠጋል። ታኅሣሥ 19 ቀን ለገብርኤል ከተማው በእንግዳ ሲሞላና ድምፅ ማጉያው ከየአቅጣጫው ሲያስተጋባ፣ ከስፌት መኪናዬ ሥር አልወጣም ብሎ ሽንቱን እዚያው ለቀቀው። ብቻውን ከቀረ ያላዝናል። የበሩን እንጨት ከታች በኩል ቦጭቆ ቦጭቆ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አበጅቶለታል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ አውጥተነው 36 ኪሎ የመዘነ ውሻ ነው። አባቱ ጀርመን ሸፐርድ ነው ይላሉ። ጆሮው ይመስላል፤ የቀረው ሁሉ የኛው አበሻ ነው።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረት እሱ አልሰማም። ሌባ ቢመጣ ቀድሞ የሚደበቀው እሱ ነው።

የሚወደው ነገር ቢኖር የስፌት መኪናውን ድምፅ ነው። ፔዳሉን መርገጥ ስጀምር መጥቶ እግሬ ሥር ይዘረጋል። ክር ተበጥሶ ካቆምኩ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ምነው፣ ምን ሆንሽ እንደማለት።

ግንቦት ላይ አከራዬ ግቢውን ሸጡት። ያገኘሁት ቤት ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ልጄም ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደርሶት ሄዷል። አንድ ክፍል ውስጥ እኔ፣ የስፌት መኪናው፣ የደንበኛ ልብስና ሲያላዝን የሚያድር ውሻ መኖር አንችልም። ጎረቤቴ «ማታ በባጃጅ ወስደሽ ከከተማ ውጪ ጣይው፣ ራሱን ይችላል» አለችኝ። ክፉ ሰው እንዳትመስላችሁ። ስታመም አጥሚት ይዛ የምትመጣ ሴት ናት። የምታውቀው መላ ይኸው ነው። አንድ ምሽት እኔም ባጃጁን ጠርቼ፣ ሒሳብ ተነጋግሬ ነበር። ውሻው አልሳፈርም አለ። ባጃጅ ይፈራል ብያችኋለሁ።

ከዚያ ለደንበኞቼ መናገር ጀመርኩ። ሰባት ሰው መጣ። ሰባቱም ገና ከበር «ይናከሳል ወይ?» ነው ያሉት። ገሚሱ አዎ እንድል፣ ገሚሱ አይ እንድል ፈልገው ነው። ምን እንደሚፈራ የጠየቀ አንድም አልነበረም። አንዱ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ነው፤ ለሲሚንቶው ጠባቂ ፈልጎ ሰንሰለቱን እንኳ ይዞ ነው የመጣው። «ጨለማ ቤት ዘግተን ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ ስናበላው ይከፋልናል» አለኝ። መብረቅ ሰውዬውን እያየ አዛጋ። ሰውዬው ሳቀ። «ይሄ እንቅልፋም ነው!»

እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የምለው። የእንስሳት ሐኪሙ ነው ዓይኔን የገለጠልኝ። ውሻ ሳይደክመው ቶሎ ቶሎ ካዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ከላሰ፣ የዓይኑ ነጭ ከታየ ጨንቆታል ማለት ነው። ቀጥሎ ማጉረምረም፣ ከዚያ መንከስ ይመጣል። ቡችላ ሰውንና ዓለምን የሚለምደው ከሦስተኛው ሳምንት እስከ 12 ወይም 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው አለኝ። መብረቅ ያን ጊዜውን መጋዘን ውስጥ ጨረሰው። በኋላ ይሻሻል ይሆናል እንጂ እንደ ሌላው አይሆንም። ሲፈራ የመታነው እንደሆነ ደግሞ ፍርሃቱ ይብሳል። ሚጥሚጣ የበላ ፈሪ ውሻ ጠባቂ አይወጣውም፤ የሲሚንቶ ተሸካሚውን ልጅ ነው የሚነክሰው።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ሰኔ ላይ ሦስት ልጆች ላሏቸው ባልና ሚስት ሰጠኋቸው። «ጨዋ ውሻ ነው» አልኩ። አልዋሸሁም፣ ጨዋ ነው። የቀረውን ግን ዋጥ አደረግሁት። ነጎድጓዱን አልነገርኳቸውም፤ በሩንም አልነገርኳቸውም። እንዳይተዉት ፈርቼ ነው። ልጆቹ ገና ሲገባ አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ፤ እሱ አዛጋ። አየሁት፤ ዝም ብዬ ወጣሁ። በአራተኛው ቀን ዝናብ ጣለ፣ ሰማዩ አጉረመረመ፣ መብረቅ የቆርቆሮ አጥሩን ዘሎ ሄደ። ስልክ ተደወለልኝ። «እትዬ፣ ውሻሽ ጠፋ።» ውሻሽ! ለአራት ቀን የእነሱ ነበር።

ሁለት ቀን ፈለግሁት። አንድ የማውቀው የባጃጅ ልጅ ነው «አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረ ትልቅ ውሻ አሞራ ገደል አለ» ያለኝ። ጨርቁን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ ሮጥኩ። ጠዋት ነው፤ ዓሣ ይበለታል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሳቸው ተመልጦ አንጀት እስኪወረወርላቸው ተሰልፈው ቆመዋል። መብረቅ የተገለበጠ ጀልባ ሥር ገብቷል። አጠገቡ የቆሮሶ ዓሣ ጭንቅላት ወድቋል፣ አልነካውም። ልጆች ድንጋይ እየወረወሩ ያስወጡት ይዘዋል። ስሙን ጠራሁ፤ ጆሮውን ለጥፎ ወደ ውስጥ ሸሸ። እኔን! ያሳደግሁትን!

የሐኪሙ ምክር ትዝ አለኝ፤ የፈራን ውሻ አትመልከቺው፣ አትጎትቺው። ልጆቹን ለምኜ አራቅሁና እርጥቡ መሬት ላይ ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። ቆይቼ ቆይቼ ምን እንደመራኝ እንጃ፣ በአፌ የስፌት መኪና ሆንኩ። ተርርር፣ ተርርር፣ ተርርር። ዓሣ የምትበልት አንዲት ሴት ቢላዋዋን ይዛ ቆመች። ልጆቹ «እማማ ለቀቀባት» ተባባሉ። ይበሉ። ተርርር እያልኩ ሳለሁ ክርኔ ላይ እርጥብ አፍንጫ መጣ። ከዚያ 36ቱ ኪሎ በሙሉ ጭኔ ላይ ወጣ።

ያን ዕለት አንድ ሰው ነክሶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። ክትባቱ በካርድ ተመዝግቧል፤ በየዓመቱ አስከትበዋለሁ። መንገድ ላይ የተጣለ ውሻን ግን ማን ያስከትበዋል? አንባቢያችሁ «በመርዝ ይጥፉልን» ብለዋል። ሐኪሙን ጠየቅሁት። የተገደለው ቦታ በሌላ ይተካል አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውም ከመቶ 70 ውሻ ይከተብ ነው፤ ያኔ የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፍበት ያጣል። በነገራችን ላይ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይጠበው፤ ከዚያ ቀጥታ ጤና ተቋም። ነጭ ሽንኩርት መቀባት ምንም አያደርግለትም።

በሁለተኛው ሙከራ እንደ ልጅ አማች ፈላጊ ሆንኩ። ጠያቂዋ እኔ ነኝ። ቀን ቀን ቤት ማን አለ? አጥሩ የምን ነው፣ ምን ያህል ይረዝማል? ሕፃን አለ ወይ? ታስሩታላችሁ? ስንቱ ተቀየመኝ! አንዲት ደንበኛዬማ «ውሻ ነው የምትሰጪኝ ወይስ ልጅሽን?» ብላ ቀሚሷን ይዛ ሄደች፤ ገና ሂሳቡን አልከፈለችም።

በመጨረሻ አላሙራ በኩል ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ከባለቤታቸው ጋር ተገኙ። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። አጥራቸው ድንጋይ ነው። ጓሮው እንሰት ነው፤ ከቅጠሉ ሥር ዝሆን ቢገባ አይታይም። አንዲት ያረጀች፣ ምንም የማይገርማት ውሻም አለቻቸው። ይህን ጊዜ አንድም አልደበቅሁም። ነጎድጓዱን፣ ጃንጥላውን፣ በሩን፣ ጀልባውን ሁሉ ዘረዘርኩ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ኮፍያዬንስ?» አሉ። አወለቁት። ያኔ ነው ልቤ የወደቀው።

አንድ ቀን ጥሎ መሄድ የለም። መጀመሪያ ሁለቱ ውሾች ከግቢ ውጪ ተገናኙ፤ ልጓሙን አላልተን ጎን ለጎን አስኬድናቸው። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ እየወሰድኩት ምግቡን እማማ በእጃቸው ሰጡት። ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋሁትን፣ የኔም የሱም ጠረን ያለበትን ምንጣፍ እንሰቱ ሥር ዘረጋንለት። ወረቀት ላይ ውል ጻፍኩ፤ ካልሆነላችሁ ወደኔ ይመለሳል እንጂ መንገድ ላይ አይወጣም የሚል። ሽማግሌው እየሳቁ ፈረሙ። እኔም እንዳልመጣ ነገሩኝ፤ አንድ ወር ሳታዪው ቆዪ፣ አለዚያ ይባባል አሉኝ። ያ ወር ከውሻው ይልቅ ለኔ ነበር የከበደው።

ሐምሌ ላይ ክፉ ዝናብ የጣለ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። ጠፋ ብዬ ነፍሴ ወጣች። ሽማግሌው ናቸው። «አልጋዬ ሥር ገብቷል» አሉኝ፣ «ጅራቱ ውጪ ቀርቷል። ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌለታለሁ።» ከኋላቸው እማማ «ንገራት እንጂ!» ይላሉ። ምንጣፉን ቦጫጭቆ ጨርሶታል። ሌላ ስፊለት ነው። ከዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ ቴትሮን ነበረኝ፤ በማግስቱ ሰፍቼ በባጃጅ ላክሁ።

አክባሪያችሁ
ልብስ ሰፊዋ አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ