የታሪክና ሥነ ቃል ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ የስኮትላንድ አፈ ታሪኮች ከነልደት ዘመናቸው

ክበባችን ባለፈው ዓመት የጎንደርን ዘመን ሲያጠና ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በየምዕራፉ ብቅ ይል ነበር። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ ግሽ ዓባይ የደረሰ፣ ወደ አገሩ ሲመለስም ከሌሎች ብራናዎች ጋር የክብረ ነገሥትን ቅጂ ይዞ የሄደ ሰው ነው። ከ10ኛ ክፍል አባሎቻችን አንዷ፣ ይህ ሰው የዘር ሐረጉን ከንጉሥ ሮበርት ብሩስ ቤተሰብ ጋር እንደሚያያይዝ አንብባ፣ «የእኛን ነገሥታት የትውልድ መጽሐፍ ይዞ የሄደው ሰውዬ፣ የእሱስ አገር ነገሥታት ከማን ተወለድን ይላሉ?» ብላ ጠየቀች። በዚህ ምክንያት የ2016 ዓ.ም. የክበባችን ርእስ የስኮትላንድ አፈ ታሪክና ከአገሪቱ ታሪክ ጋር ያለው ትስስር ሆነ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች አንድ የአሠራር ስምምነት አደረግን። አንድን አፈ ታሪክ ስንይዝ «እውነት ነው ወይስ ተረት?» ብለን አንጀምርም፤ ይህ ጥያቄ ክርክሩን ቶሎ ይዘጋዋል። ከዚያ ይልቅ ታሪኩ መጀመሪያ በጽሑፍ የተገኘው መቼ ነው፣ ማን ጻፈው፣ በዚያ ጊዜስ ለማን አስፈለገ የሚሉትን እንጠይቃለን። ተማሪዎቹ ይህን «የተረቱን የልደት ካርድ ማውጣት» እያሉ ይጠሩት ጀመር፤ ስያሜውንም ተቀብዬዋለሁ።

ዘዴው ይበልጥ የሠመረልን በፈርዖን ልጅ በስኮታ ታሪክ ላይ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ አንደኛ በ1296 ስኮትላንድን ከወረረ በኋላ ጉዳዩ በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን በሮም ጳጳስ በቦኒፋስ ስምንተኛ ፊትም ታይቷል። በ1301 ኤድዋርድ ለጳጳሱ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ደሴቲቱን መጀመሪያ የያዛት ከትሮይ የመጣው ብሩቱስ እንደሆነ፣ አገሩን ለሦስት ልጆቹ ሲያካፍልም እንግሊዝን ለታላቁ ስለሰጠ ስኮትላንድ የእንግሊዝ የበታች ናት ብሎ ተከራከረ። የስኮትላንድ ጠበቃ ባልድሬድ ቢሴት በበኩሉ፣ ስኮቶች ከብሩቱስ ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም፤ እነሱ የመጡት ከግብፅ ከወጣችው ከፈርዖን ልጅ ከስኮታ ነው፤ የነገሥታቱን መቀመጫ ድንጋይም ይዛ የመጣችው እርሷ ናት ሲል መለሰ። ዛሬ ለልጆች የሚነገሩ የሚመስሉት ሁለቱ ታሪኮች በዚያን ጊዜ የፍርድ ቤት ማስረጃ ነበሩ። ይህንን ክርክር ተማሪዎቹ ለወላጆች በዓል በቴአትር መልክ አዘጋጅተውት ነበር። የኤድዋርድን ጠበቃ ሆኖ የተጫወተው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ንግግሩን በአሮጌው የችሎት ሙግት ወግ፣ «በላ ልበልሃ» እያለ በዜማ ስላቀረበው፣ አዳራሹ ከድርሰቱ በላይ በእሱ ሳቀ፤ እኔም አልከለከልሁትም።

ከዚህ ክርክር ቀጥሎ የመጣው በሚያዝያ 1320 ለጳጳሱ ለዮሐንስ 22ኛ የተላከው የአርብሮዝ ደብዳቤ ነው። የስኮትላንድ መኳንንት በዚህ ደብዳቤ ሕዝባቸው ከጥቁር ባሕር ሰሜን ከነበረችው ጥንታዊ ምድር ከታላቋ ስኪቲያ ተነሥቶ በስፔን በኩል እንደመጣ፣ የባዕድ ሰው ሳይገባበት የራሱ ዘር በሆኑ 113 ነገሥታት እንደተገዛ ይናገራሉ፤ ከመካከላቸው መቶ ሰው እንኳ በሕይወት እስከቀረ ድረስ ለእንግሊዝ እንደማይገዙም ያረጋግጣሉ። ስኮታ በደብዳቤው ውስጥ ስሟ አልተጠቀሰም። የ113ቱ ነገሥታት ቁጥርም ከታሪክ ማስረጃ የተገኘ አይደለም። ሆኖም ቁጥሩ የተጻፈው በ1314 በባኖክበርን ጦርነት በእንግሊዝ ላይ የተገኘውን ድል በሕግ ለማጽናት በሚጣርበት ሰዓት መሆኑን ሲረዱ፣ ተማሪዎቹ «ለምን ዋሹ?» ማለታቸውን ትተው «ለምን ይህን ያህል ረጅም የትውልድ ሐረግ አስፈለጋቸው?» ወደሚለው ተሻገሩ። በእኔ ግምት የዓመቱ ትልቁ እርምጃ ይህ ነበር። የእኛም ክብረ ነገሥት በንቡረ እድ ይስሐቅ እጅ በግዕዝ የተዘጋጀው በዚያው በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ እንደሆነ የነገርኋቸው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለቱ አገሮች አንዳቸው የሌላውን ጽሑፍ ሳያውቁ፣ በተቀራረቡ ዓመታት ነገሥታታቸውን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዓለም ጋር የሚያስተሳስር ጽሑፍ መያዛቸው በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ረጅሙን ጽሑፍ አስገኝቷል።

ስኮታ ይዛ መጣች የተባለው ድንጋይ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሆኗል። ኤድዋርድ በ1296 ከስኮትላንዱ የስኩን ገዳም ወስዶ በለንደን፣ በዌስትሚንስተር፣ በንግሥ ዙፋን ሥር ያስቀመጠው ይህ ድንጋይ፣ በኋላ ዘመን ያዕቆብ በቤቴል የተንተራሰው ነው ተብሎም ተነግሮለታል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች መርምረው ያገኙት ግን በዚያው በስኩን አካባቢ የሚገኝ አሸዋማ ድንጋይ መሆኑን ነው። ክብደቱ 152 ኪሎ ግራም ነው። ተማሪዎቹ ይህን መጠን በዓይን ለማየት ሦስት የ9ኛ ክፍል ልጆችን በትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ሚዛን ላይ አንድ በአንድ አውጥተው ደምረዋል፤ ጥቂት ስለጎደላቸውም የአንደኛው ቦርሳ ተጨምሯል። በ1950 የገና ዕለት አራት የስኮትላንድ ተማሪዎች ድንጋዩን ከዌስትሚንስተር ሲያወጡት ለምን ለሁለት እንደተከፈለባቸው የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ድንጋዩ በሚያዝያ 1951 የተገኘው ያ ደብዳቤ በተጻፈበት በአርብሮዝ ገዳም ፍርስራሽ ውስጥ ነበር፤ ቦታው በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። ከዚያ ወደ ለንደን ተመልሶ፣ በመጨረሻ በ1996፣ ከተወሰደ ከ700 ዓመት በኋላ፣ ለንግሥ ሥርዓት ሲፈለግ ወደ ለንደን እንዲሄድ በሚል ስምምነት ለስኮትላንድ ተሰጠ። በዚህ ዓመት መጋቢት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በስኩን አቅራቢያ በፐርዝ ከተማ አዲስ በተከፈተው ሙዚየም ለሕዝብ መታየት ጀምሯል። ዜናው የደረሰን ክርክራችንን ጨርሰን ሳንበተን ነበር። «ድንጋዩ የያዕቆብ ካልሆነ ለምን ይመለሳል?» ላለው ተማሪ መልስ የሰጠው ጓደኛው፣ የአክሱም ሐውልት የተመለሰልን ማን እንዳቆመው ስለተረጋገጠ ሳይሆን ከእኛ ስለተወሰደ ነው ብሏል። ከዚህ የተሻለ መልስ እኔም አልነበረኝም።

በሮበርት ብሩስና በሸረሪቷ ታሪክ ላይ ተማሪዎቹ ትንሽ አዝነዋል። በ1306 ነግሦ ወዲያው ድል የሆነው ብሩስ በዋሻ ተደብቆ ሳለ፣ ድሯ ደጋግሞ ቢበጠስባትም ሥራዋን ያልተወች ሸረሪት አይቶ ተበረታታ ይባላል። ነገር ግን ብሩስ ከሞተ ግማሽ ምዕት ዓመት ሳይሞላ ስለ እርሱ በጆን ባርበር በተጻፈው ረጅም ግጥም ውስጥ ሸረሪቷ የለችም። በ17ኛው መቶ ዓመት ታሪኩ የሚነገረው በብሩስ ስም ሳይሆን በጦር አዛዡ በጄምስ ዳግላስ ስም ነበር፤ በብሩስ ስም ያሠራጨው ከ500 ዓመት በኋላ የመጣው ደራሲ ዋልተር ስኮት ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ የእኛ አገር ሸረሪት ድሯን የምታደራው ንጉሥ ለማጽናናት ሳይሆን አንበሳ ለማሰር ነው ሲል ቀልዷል።

ይኸው ዋልተር ስኮት ሌላም ሥራ አለው። በሚያዝያ 1746 በከሎደን ጦርነት የሰሜን ስኮትላንድ ደጋ አማፅያን በመንግሥት ጦር ከተሸነፉ በኋላ የደጋው ሕዝብ ልብስ፣ ኪልት የሚባለው ጉርድ ጭምር፣ በሕግ ተከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ1782 ነው። ክልከላው ሳይነሣ፣ በ1760ዎቹ፣ ጄምስ ማክፈርሰን ኦሲያን የተባለ ጥንታዊ ባለ ቅኔ ግጥሞችን ከደጋው ሕዝብ ቋንቋ ከጌሊክ ተረጎምሁ ብሎ አሳተመ፤ አውሮፓም ተቀበለው። በኋላ ሲጣራ የእውነተኛ የቃል ግጥሞች ቁርጥራጭና የራሱ ፈጠራ ተቀላቅለው ተገኙ። በ1822 ደግሞ ንጉሥ ጆርጅ አራተኛ ኤድንበርግን ሲጎበኝ፣ ስኮት ባዘጋጀው ሥርዓት ንጉሡ ራሱ ያንኑ የተከለከለ ልብስ ለብሶ ታየ። በጦር የተቀጠቀጠ ባህል ሰማንያ ዓመት እንኳ ሳይሞላ የመላ አገሪቱ ምልክት መሆኑ ብዙ አከራክሮናል፤ ክርክሩም አልተቋጨም።

ስለ ጠንቋዮች ያነበብነው ግን ሳቅ አልነበረበትም። ከ1563 እስከ 1736 በጸናው ሕግ ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተከስሰዋል፤ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ። ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ ከዴንማርክ ሙሽራውን ይዞ ሲመለስ ያጋጠመውን ማዕበል ጠንቋዮች አስነሡት ተብሎ በ1590 በኖርዝ ቤሪክ የተጀመረውን ክስ አንብበናል። ተማሪዎቹ ቡዳ ናችሁ እየተባሉ የሚገለሉ ሰዎችን ሳይጠቅሱ አላለፉም፤ እንዲጠቅሱም ፈልጌ ነበር።

በሎክ ኔስ ሐይቅ ውስጥ ይኖራል የሚባለው አውሬ በጥያቄ ብዛት አንደኛ ቢሆንም ከአገሪቱ ታሪክ ጋር ያለው ዝምድና ቀጭን ስለሆነ ብዙ አልቆየንበትም። ዝናው የገነነው በ1933 ነው፤ በ1934 በጋዜጣ የወጣው ታዋቂ ፎቶግራፍም የተቀነባበረ መሆኑ በኋላ ተጋልጧል።

ስኮትላንድና እኛ የምንገናኝበት ሌላው መስመር መቅደላ ነው። በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ታቦት በኤድንበርግ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኝቶ፣ በየካቲት 1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በብዙ ሕዝብ እልልታ አቀባበል ተደርጎለታል። የአንድ አባላችን እናት በዚያ አቀባበል ላይ ስለነበሩ፣ ተጋብዘው ያዩትን ለክበቡ ነግረዋል።

የዓመቱ የመጨረሻ ሥራችን ቀረጻ ነበር። ኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ በ1951 የስኮትላንድ ጥናት ክፍል አቋቁሞ፣ ካለም ማክሊንን የመሳሰሉ ሰብሳቢዎች መቅረጫ ተሸክመው በየደሴቱና በየመንደሩ ከሽማግሌዎች አፍ ተረትና ዘፈን ቀድተዋል፤ ከቀረጻዎቹ ብዙዎቹን ዛሬ በኢንተርኔት ማዳመጥ ይቻላል። የእኛም አባላት በትንሣኤ ዕረፍት አያቶቻቸውን በስልክ ቀርጸዋል፤ ተራኪው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተወለደ፣ ታሪኩን ከማን እንደሰማ በቅጽ ሞልተዋል። አንዲት አያት ተረት በቀን አይወራም ብለው እምቢ ስላሉ የልጅ ልጃቸው እስኪመሽ ጠብቋል፤ በቅጹ ላይ «የተቀረጸበት ሰዓት» የሚል መስመር የተጨመረውም በዚህ ምክንያት ነው። ቅጂዎቹ ለቤተ መጻሕፍታችን ተሰጥተዋል። በ2017 ዓ.ም. አባላቱ እነዚህን ቅጂዎች ወደ ጽሑፍ ይገለብጣሉ፤ መሳተፍ የሚፈልግ ተማሪ በመስከረም ወር በቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ዘንድ መመዝገብ ይችላል።