ልጄ፣ ማስተሩን ከመግዛትሽ በፊት የኋላውን ታምቡር እዪው

ልጄ እንዴት ነሽ? ትናንት ስትደውዪ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን ነው የሰማሁት ግን የሰማሁት ይበቃኛል። የፒካፗ ፍሬን ፔዳል ለስልሷል፣ አየር አስወጥተሽ ለውጥ የለም፣ አሁን ደግሞ መካኒኮቹ ማስተር ሲሊንደሩን፣ ማለትም ፔዳሉን ስትረግጪ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን፣ ቀይሪ ብለውሻል። እስኪ ቆይ አትግዢ። ማስተሩ አይሆንም እያልኩሽ አይደለም፣ ሊሆን ይችላል፣ ግን በወሬሽ መሃል "ሁለተኛ ስረግጠው ከፍ ብሎ ይይዛል" ያልሽው ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። በስልክ ማስረዳት ስለማይቻል ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ፣ ረጅም ነው፣ መኪናው ስር ከመግባትሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢው። እስከዛ መኪናዋን እንዳታንቀሳቅሻት፣ ቅርብ ነው ብለሽም ቀስ ብዬ ነው ምነዳው ብለሽም አይሆንም፣ በዚህ ነገር ላይ አልደራደርም።

ሰው ሁሉ ፍሬን ለሰለሰ ይላል እንጂ ልስላሴው አንድ አይነት አይደለም፣ እግርሽ ነው የሚለየው። መኪናዋ እንደቆመች ሞተሩን አስነሺና ፔዳሉን አንዴ ርገጪው፣ የት ጋ እንደያዘ ልብ በይ፣ ልቀቂና ወዲያው ድገሚው። ሁለተኛው ከፍ ብሎ ከያዘና ሲይዝ ደርቆ ቀጥ ካለ ችግሩ አየር አይደለም፣ የኋላው ሸራና ታምቡሩ ተራርቀዋል ማለት ነው፣ ታምቡሩ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት ነው፣ ሸራው ደግሞ ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው። ለምን መሰለሽ፣ የመጀመሪያው እርግጫ የገፋው ዘይት በሙሉ ያንን ባዶ ርቀት ለመሙላት ያልቃል፣ ሸራው በሞላው ተስቦ ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ ስትደግሚው ደግሞ መንገዱ ስላጠረ ቶሎ ይይዛል። ከፍ ብሎም ግን እግርሽ ስር ወደላይ የሚገፋ፣ የሚነጥር ከሆነ ያኔ አየር አለ፣ ዘይት አይታመቅም አየር ግን ይታመቃል። ሦስተኛው ደግሞ እግርሽን ሳታነሺ ጸንተሽ ስትይዢው ቀስ እያለ ወደታች የሚሰምጠው ነው፣ እሱ ወይ የሆነ ቦታ ዘይት እየፈሰሰ ነው ወይ ማስተሩ ውስጥ ያለው ጎማ ዘይቱን ወደኋላ እያሳለፈው ነው። ይሄኛውን ሞተሩን አጥፍተሽም ሞክሪው፣ ሞተር ሲነሳ ሰርቮው (የእግርሽን ጉልበት የሚያግዘው) ስለሚሰራ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ማለቱ ጤና ነው፣ ሰው እሱን አይቶ ስንቱን ደህና ማስተር ይጥላል። የፍሬን ዘይቱ መያዣ እቃው ውስጥ ካልቀነሰ፣ የትም ካልረጠበና ፔዳሉ ከሰመጠ ያኔ ማስተር ቢሉሽ እሰማለሁ።

አንቺ የነገርሽኝ የመጀመሪያውን ነው የሚመስለው፣ ምናልባት ከትንሽ አየር ጋር። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ የኋላውን ማስተካከል ከዛ አየር ማውጣት ነው፣ መካኒኮቹ ተቃራኒውን ነው የሰሩልሽ። ሸራው ተራርቆ እያለ አየር ብታወጪ ፔዳሉ ያው ረጅም ስለሚሄድ አየሩ ወጣ አልወጣ በምን ታውቂያለሽ?

በራሱ ይስተካከላል ይሉሻል። እውነት ነው፣ አብዛኛው የታምቡር ፍሬን ራሱን የሚያጠብቅ ባለጥርስ ማስተካከያ አለው፣ ግን ዝም ብሎ አይሰራም፣ አንዳንዱ መኪና ላይ ወደኋላ እየሄድሽ ፍሬን ስትይዢ ነው የሚዞረው፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬን ስትስቢ ነው። አንቺ ደግሞ ማርሽ አስገብተሽ ማቆም ነው የለመድሽው፣ የእጅ ፍሬኑን ነክተሽው አታውቂም፣ ያንቺ መኪና በእጅ ፍሬን የሚሰራው አይነት ከሆነ ማስተካከያው ቆሞ ሸራው ብቻ እየሳሳ ሄዷል ማለት ነው። በዛ ላይ ደግሞ አቧራና ዝገት ከያዘው ብትስቢውም አይዞርም።

አሁን ስራው። ደልዳላ ቦታ አቁሚያት፣ የፊት ጎማዎቹ ስር ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ወይ እንጨት አድርጊ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጊ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ። በክሪክ አንሺና ስታንድ ላይ አስቀምጫት፣ በክሪክ ብቻ የቆመች መኪና ስር እጅሽንም እንዳታስገቢ። ጎማውን ፍቺ። ታምቡሩ አልወጣ ካለ በመዶሻ አትቀጥቅጪው፣ ብዙዎቹ ፊት ለፊታቸው ላይ የቡሎን ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሏቸው፣ ልካቸው የሆነ ቡሎን አስገብተሽ ሁለቱንም እኩል እያፈራረቅሽ ስታጠብቂ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። ከዳር የተያዘ ከመሰለሽ ሸራው ታምቡሩን አብልቶት ጠርዝ ሰርቷል፣ ከጀርባ ባለው ላሜራ ቀዳዳ በኩል ማስተካከያውን ትንሽ አላሊው።

ስትከፍቺው የሚወጣውን አቧራ በአፍሽም በኮምፕሬሰርም አትንፊው! የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፣ አዲሱም ቢሆን ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ በውሃ አርጥበሽ ጥረጊው። ከዛ ላይ ያለችውን ትንሿን የፍሬን ሲሊንደር እያት፣ የጎማ ሽፋኗን በቀስታ ገለጥ አድርጊና ውስጡ ረጥቦ ከሆነ ዘይት እያሳለፈች ነው፣ መቀየር አለባት፣ አየርም የሚገባው እንደዚህ ባለ ቦታ ነው። ርጥበቱ ወፍራምና የማርሽ ዘይት የሚሸት ከሆነ ግን የአክሱሉ ሲል፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ፣ ነው የተበላው። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ዘይት የጠጣ ሸራ ይጣላል፣ በቤንዚን አጥቤዋለሁ ቢሉሽ እንዳትቀበያቸው፣ ሲሞቅ ዘይቱ ተመልሶ ይወጣል። ሸራ ደግሞ በጥንድ ነው የሚቀየረው፣ የግራውን ብቻ ቀይረሽ መኪናው ወደአንድ ጎን እንዲስብ አታድርጊ። ታምቡሩ ላይ የመጨረሻው የሚፈቀድ ዲያሜትር በሚሊሜትር ተጽፏል፣ ከሱ ካለፈ ቶርኖ ቤት መውሰድም ዋጋ የለውም።

ማስተካከያውን አውጥተሽ ጥርሱን በብሩሽ አጽጂ፣ ሙቀት የሚችል ግሪስ ስስ አድርገሽ ቀቢና በእጅ እንደልብ እስኪዞር አላምጂው። እዚህ ጋ ስሚኝ፣ የግራውና የቀኙ ማስተካከያ ጥርሳቸው ተቃራኒ ነው፣ ከተቀያየሩ ፍሬን በያዝሽ ቁጥር በማጥበቅ ፈንታ ያላላሉ፣ ስለዚህ ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ አትፍቺ፣ አንዱን ጨርሰሽ ግጠሚ ከዛ ወደሌላው ሂጂ፣ ሞላዎቹም እንዴት እንደነበሩ ሲጠፋብሽ ያልተፈታውን ጎን አይተሽ ትገጥሚያለሽ።

የእጅ ፍሬኑን ገመድ መጀመሪያ አላሊው። ብዙ ሰው ፔዳሉ ሲረዝምበት ገመዱን ያጠብቃል፣ ለጊዜው የተስተካከለ ይመስላል፣ ግን ገመዱ ሸራውን ከማረፊያው ስለሚያነሳው ማስተካከያው ከዛ በኋላ ልኩን አያገኝም። ገመድ የሚጠብቀው በመጨረሻ ነው።

ከዛ ታምቡሩ ገባ ሲል ሸራውን ለስለስ አድርጎ እስኪነካው ማስተካከያውን አዙሪ፣ ጎማውን ግጠሚ፣ ከጀርባው ቀዳዳ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጥርሱን እየገፋሽ ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል አጥብቂ። ፔዳሉን ረገጥ ረገጥ አድርጊ፣ ሸራዎቹ መሃላቸውን ይይዛሉ፣ ተመልሰሽ ስታዪው ጎማው እንደገና የሚዞር ከሆነ ጨምሪለት። አሁን ለማላላት ጥርሱን የሚይዘውን ምላስ በቀጭን ካቻቢቴ ገፋ አድርገሽ መያዝ አለብሽ፣ አለዚያ ጥርሱን ትሰብሪዋለሽ። ጎማው በነጻነት ዞሮ ቀለል ያለ የመፋቅ ድምፅ ብቻ ሲሰማሽ አቁሚ። ሌላኛውንም ልክ እንደዛው፣ ሁለቱ ጎማ በእጅሽ ሲዞር እኩል ሊከብድ ይገባል። ይሻላል ብለሽ አታጥብቂው፣ ሸራው እየተፋቀ ታምቡሩ ይግላል።

አየር ማውጣቱን አጠር ላድርገው ምክንያቱም ታውቂዋለሽ፣ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ነው የሚጀመረው፣ መሪው ግራ ከሆነ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት፣ መመሪያ መጽሐፉ ሌላ ካለ የሱን ያዢ። ግልጽ ቱቦ ወደ ጠርሙስ፣ አንዱ ይረግጣል አንዱ ይከፍታል፣ ፔዳሉ ሳይለቀቅ ይዘጋል፣ እቃው ውስጥ ያለው ዘይት መቼም እንዳያልቅ። ግን ፒካፕ ላይ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ከኋላው አክሱል ወደ ቻሲው የሚሄድ ዘንግ ካየሽ ጭነቱን እያየ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚወስን ቫልቭ ነው። መኪናዋን በቻሲ አንስተሽ አክሱሉ ከተንጠለጠለ ቫልቩ ባዶ ናት ብሎ ስለሚያስብ የኋላው ዘይት እንደልቡ አይፈስም፣ ስታንዱን አክሱሉ ስር አድርጊው። አንዳንዱ ቫልቭ የራሱ አየር ማውጫ ቡሎን አለው፣ አየር ያወጡልሽ መካኒኮች ይሄን ዘለውት ሊሆን ይችላል። ፔዳሉን ደግሞ ጠልቆ እንዳይሄድ ስሩ እንጨት አድርጊበት፣ ማስተሩ አርጅቶ ከሆነ ውስጡ ያለው ጎማ ሄዶበት የማያውቅ ዝገት ላይ ሲደርስ ይቀደዳል፣ ያኔ በእውነትም ማስተር ልትገዢ ነው።

ዘይቱን አዲስና ክዳኑ ያልተከፈተ ግዢ። መኪናዋ ላይ ያለው የዘይት እቃ ክዳን ዶት 3 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ካለ 3፣ ዶት 4 ካለ 4፣ ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም። ይሄ ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይስባል፣ ዶት 3 አዲስ ሆኖ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ ውሃ ሲጠጣ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል፣ ስለዚህ ፔዳሉ የሚለሰልሰው ረጅም ቁልቁለት ወርደሽ ብቻ ከሆነና ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ከሆነ ሌላ ነገር አትፈልጊ፣ ዘይቱ ነው። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ እንዳይገባበት፣ ፍሬኑ ውስጥ ያሉትን ጎማዎች በሙሉ አሳብጦ ይጨርሳቸዋል። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ፔዳሉ አሁንም የሚነጥር ከሆነ አንድ ሰው ረግጦ ይያዝልሽና የጎማ ቱቦዎቹን በእጅሽ ዳብሻቸው፣ የሚያብጥ ካለ እሱ ነው። የፊት ካሊፐር (የፊቱን ዲስክ ግራና ቀኝ የሚጨብጠው) ተፈትቶ ከነበረ ደግሞ አየር ማውጫው ወደላይ መሆኑን እዪ፣ ግራና ቀኙን አቀያይረው ገጥመውት ከሆነ አየሩ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ብትረግጪ አይወጣም።

ስትጨርሺ ሞተር አስነስተሽ ርገጪ፣ አንደኛውና ሁለተኛው እርግጫ እኩል ቦታ መያዝ አለባቸው። ከዛ ሰው በሌለበት ሜዳ በቀስታ ሞክሪያት፣ ትንሽ ነድተሽ ውረጂና እጅሽን ሳታስነኪ ወደ ሁለቱ ታምቡር አስጠጊ፣ አንዱ በጣም ከጋለ እሱን በትንሹ አላሊው። የጎማ ዳዶዎቹንም ያኔ ድገሚያቸው። ታምቡሩን የከፈትሽ ቀን ውስጡን ከነሸራው ፎቶ አንሺና ጠርዙ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ጨምረሽ ላኪልኝ፣ እኔም ልየው፣ ማስተሩን እንግዛ አንግዛ ከዛ በኋላ አብረን እንወስናለን።

አባትሽ