የሕዝቅኤል ዳቦ

ሚጣዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብቻ ክረምቱን አልወደደውም።

የላክሽልኝን የዳቦ ፎቶ አየሁት። ላስቲኩ ላይ «ሕዝቅኤል 4፥9» የሚለውን ሳይ መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለጤና ጥሩ ነው ብለሽ ገዝተሽ፣ ጥቅሱን ልይ ብለሽ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጠሽ፣ በዚያው ምዕራፍ 24 ደርሰሽ ተናደድሽ። «ሚስቱ ሞታበት አታልቅስ የሚባል ሰው! ይሄ ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው?» ብለሽ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በስልክ እንዳልመልስልሽ መስመሩ ሲቆራረጥ ነገሩም ይቆራረጥብኛል።

ከዳቦው ልጀምር። ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላና ምስር በአንድ ዕቃ መደባለቁ የጤና ምክር አልነበረም። ከተማ ተከቦ እህል ሲያልቅ፣ ከየጆንያው ሥር የቀረው ተጠራርጎ የሚጋገር ነው። ሕዝቅኤል በቀን 20 ሰቅል መዝኖ እንዲበላ ነው የታዘዘው፤ 230 ግራም ገደማ ይሆናል። ውሃውም በልክ ነው። በሰው ዓይነ ምድር ጋግር ሲባል፣ ካህን ነውና እንዲህ ያለ ርኩሰት በአፌ ገብቶ አያውቅም ብሎ ተማጸነ፤ በኩበት ተቀየረለት። የአያትሽ ምጣድ ስንት ዘመን በኩበት እንደጋለ ቢያውቅ ይጽናና ነበር።

ይህን ያደረገው የኢየሩሳሌምን መከበብ በራሱ ላይ ለማሳየት ነው፤ እሱ ግን ኢየሩሳሌም አልነበረም። ናቡከደነፆር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ንጉሡን ዮአኪንን ከነሹማምንቱና ከነአንጥረኞቹ ሲማርክ እሱንም አብሮ ወስዶታል። ምርኮኞቹ የሰፈሩት በኮቦር ወንዝ አጠገብ፣ ቴልአቢብ በምትባል ቦታ ነው። ስሙ በባቢሎናውያን ቋንቋ የጥፋት ውሃ ያስቀረው የፍርስራሽ ጉብታ እንደማለት ነው። (የዛሬዋ ቴል አቪቭ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ መጽሐፍ ነው።) እዚያ እንደደረሰ ያደረገውን አይተሻል? በሰዎቹ መካከል ሰባት ቀን ደንግጦ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው ሰው እብደት የሚለው፤ 390 ቀን በግራ ጎን መተኛት፣ 40 ቀን በቀኝ፣ ጸጉርን በሰይፍ መላጨት፣ ዲዳ መሆን። እ.ኤ.አ. በ1946 አንድ ጸሐፊ ሕዝቅኤል የአእምሮ ሕመምተኛ ነበር ብሎ ደምድሟል። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ ሐኪሞች ጦርነትና ግፍ በሰው ላይ የሚተዉትን ቁስል በበሽታ ስም ከመዘገቡ ወዲህ ግን፣ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያጠኑ ሰዎች ሌላ ነገር መጠየቅ ጀመሩ፤ ይህ ሰው ምን ሆነ? ወገኖቹስ ምን ሆኑ? እኔ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ትምህርት አላስፈለገኝም። ቤታችን ውስጥ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር አጎትሽን ሲበላው እኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አያትሽ ማታ ላምባ ገዝቶ እንዲመጣ ልካው ነው እንደወጣ የቀረው። በዚያ ዘመን ለገደሉት ልጅ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ማልቀስም ያስከስስ ነበር። እኛ ቤት ድንኳን አልተተከለም። እናቴ በማግስቱ ያንኑ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ጤፍ ስትነፋ ዋለች። ሲመሽ አንዲት ጎረቤት በነጠላዋ ሥር ደብቃ ምስር ወጥ አመጣች፤ እዝን መሆኑ ነው። እናቴ ተቀብላ ሞሰቡ ውስጥ ከተተችው። ማንም አልበላውም።

አሁን ምዕራፍ 24ን መልሰሽ እዪው። ጥምጥምህን ጠምጥም፣ ጫማህን አድርግ፣ አፍህን አትሸፍን፣ የሰዎችንም እንጀራ አትብላ ይለዋል። የሰዎች እንጀራ ያለው ይሄንኑ እዝኑን ነው። ጠዋት ለሕዝቡ ተናገረ፣ ማታ ሚስቱ ሞተች፣ በማግስቱ እንደታዘዘው አደረገ። እናንተም ከተማችሁ ስትጠፋ እንዲሁ ትሆናላችሁ አላቸው፤ ሳታለቅሱ እርስ በርሳችሁ እየቃተታችሁ ትመነምናላችሁ። አንቺ ጭካኔ ያነበብሽበት ላይ እኔ የማየው እናቴንና ወንፊቷን ነው።

«ሁሉም በኃጢአታችሁ ነው» ማለቱም አስቆጥቶሻል። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ «ባልላክሁት ኖሮ» እንዳለች ነው የኖረችው። ማን ገደለው ብትባል መጀመሪያ ራሷን ነበር የምትጠራው። ጥፋቱ የሷ ከሆነ ነገሩ ምክንያት አለው፤ ምክንያት ከሌለው ግን ነገ እኔንም ይነጥቃታል። በነሕዝቅኤል ዘመን ደግሞ ከተማ ሲወድቅ የከተማው አምላክም ተሸነፈ ነበር የሚባለው፤ የባቢሎኑ ማርዱክ የኢየሩሳሌምን አምላክ ጣለው ማለት ነው። ነቢያቱ ይህን እሺ አላሉም። አልተሸነፈም፣ እኛ በድለን ነው አሉ። ጥፋቱን ሁሉ በራሳቸው ጭነው አምላካቸውን ይዘው ቀሩ። የእግዚአብሔር ቃል መሆኑን አልተውኩም፣ ልጄ፤ ግን በቆሰለ አፍ የመጣ ቃል ነው። እናቴ ራሷን የከሰሰችበትን ቃል አንስቼ «አዎ፣ አንቺ ነሽ የገደልሽው» ብላት ምን እሆን ነበር? የነቢያቱን ራስ መክሰስ ቀምቶ በሌላ መከራ ባገኘው ሕዝብ ላይ የሚወረውር ሰባኪ ስሰማ የሚታየኝ ይኸው ነው።

ኢየሩሳሌምን በአመንዝራ ሴት መስለው ስለሚያዋርዱት ስለ ምዕራፍ 16 እና 23 ያልሽውን አልከራከርሽም። ድል የተነሡ ወንዶች ውርደታቸውን በሴት ገላ ላይ ጻፉት የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ ልክ ይመስሉኛል። ቢገባኝም ለሴት ልጄ አንብቢው አልልም።

ምዕራፍ 18ን ግን አንብቢው። «አባቶች ጎምዛዛ ወይን በሉ፣ የልጆች ጥርስ ጠረሰ» የሚል ተረት ነበራቸው፤ ሕዝቅኤል ከእንግዲህ አትተርቱት አለ። ያንን መስማት የነበረባቸው እዚያው ባቢሎን የሚወለዱት ናቸው። ከዚያ አገር «የይሁዳ ከተማ» በተባለ መንደር የተጻፉ ሸክላዎች ተገኝተዋል፤ የመጀመሪያው ከክርስቶስ ልደት በፊት የ572 ነው፤ ቤተ መቅደሱ ከተቃጠለ 15 ዓመት ገደማ። የገብስ ብድር፣ ቴምር፣ ግብር ነው የሚያወሩት። ሰው መኖሩን አልተወም።

ሸሽቶ ያመለጠ ሰው መጥቶ «ከተማይቱ ተመታች» ባለ ጊዜ ነው የሕዝቅኤል አፍ የተከፈተው። አያትሽ ድንኳኑን ያስተከለችው በ1983 ክረምት፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። አስከሬን የለም፤ ፎቶውን ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ያቺ ጎረቤት አርጅታ፣ በልጅ ልጇ ተደግፋ፣ ምስር ወጧን በአደባባይ ይዛ መጣች። እናቴ አንድ ጉርሻ ጎረሰች፣ ከዚያ ጮኸች። የእናቴን የለቅሶ ድምፅ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ 24 ዓመቴ ነበር።

ከ25 እስከ 32 ያሉትን ምዕራፎች ለጊዜው ዝለያቸው፤ ስለ ጎረቤት አገሮች ነው፣ የኛም ስም አለበት፣ ሌላ ቀን እናወራዋለን። ከ33 ቀጥዪ። ስትጨርሺ ደውዪልኝ።

አባትሽ