«ልጄ፣ አሁንም አልተንፍስ?»፦ የራዲዮሎጂ ተማሪዎች ክበብ ዓመት

መስከረም ላይ ዕቅድ ስናወጣ የክበባችን አባላት ሁለት ነገር ጠየቁ፦ የሲቲ ስካን ሥልጠናና ቲሸርት። ቲሸርቱ ተሠራ። ሲቲ ስካኑን ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ማሽኑን ክፍል ውስጥም ሆስፒታልም ይማሩታል። የደነገጠ ሰው ራጅ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚባል ግን በደንብ የሚለማመዱበት ቦታ የለም። ኮርሱ ላይ ምዕራፍ አለው፣ ፈተና ላይም ይመጣል። ልጆቹ ይሸመድዱትና ተግባር ልምምድ ሲወጡ በ«ልብስህን አውልቅ፣ እዚህ ቁም» ይጀምራሉ።

ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ከቴአትር ክበብ ጋር የሚያጣላ ሥራ ስንሠራ ከረምን። የስኪል ላቡን፣ ማለትም የተግባር መለማመጃ ክፍላችንን፣ ጥግ በመጋረጃ ከልለን ራጅ ክፍል አደረግነው። ካሴት (የራጁ ምስል የሚቀረጽበት ሰሌዳ) አለ፣ ማቆሚያ አለ፣ ጨረር የለም። መጀመሪያ ተማሪዎች ለተማሪዎች ታካሚ ሆኑ። አልሠራም። ጓደኛ ቁም ሲሉት ይቆማል፣ ያዝ ሲሉት ይይዛል። እንደዚህ ዓይነት ታካሚ በሕይወቴ አላየሁም።

ያን ጊዜ የግቢያችንን ጥበቃ ለመንናቸው። ስሜን እንዳትጽፍ ብለውኛል። ጆሮ የሚከብዳቸው አዛውንት ሆነው ገቡ። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የማዘዣ ወረቀቱን ይዛ «አባባ፣ ሰይድ መሐመድ ነዎት?» አለቻቸው። «አዎ» አሉ። ወረቀቱ የሌላ ሰው ነበር። በደንብ ያልሰማ ሰው ለጠየቁት ሁሉ አዎ ይላል፤ ደሴ ላይ ደግሞ ሰይድ መሐመድ ብለህ ብትጣራ ግማሹ ወረፋ ይነሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም አንጠራም። «ስምዎን እስከ አያት ይንገሩኝ፣ ዕድሜዎንም» እንላለን። ባለቤቱ ይናገራል፣ እኛ ከወረቀቱ ጋር እናመሳክራለን።

ልጅቷ ቀጠለች። አቋቋሙን አሳምራ ሠራችው። ደረት ካሴቱ ላይ፣ አገጭ ቀና፣ የእጅ ጀርባ ወገብ ላይ፣ ትከሻ ወደ ፊት። «አየር በደንብ ይሳቡ… ይያዙ!» ብላ ወደ መቆጣጠሪያው ሄደች። እዚያ ደርሳ ስለ ኪሎቮልት (የጨረሩን ኃይል ስለሚወስነው ቁጥር) ከጓደኛዋ ጋር ክርክር ገጠመች። ተንፍሱ ያላቸው የለም። ሰውየው ፊታቸው እየጠቆረ ቆይተው በታፈነ ድምፅ «ልጄ፣ አሁንም አልተንፍስ?» አሉ። ይህች ዓረፍተ ነገር የክበባችን መፈክር ሆና ከረመች።

ሳቁ ሲበርድ ወደ ቁም ነገሩ ገባን። ሰው አየር ሞልቶ ሲይዝ ድያፍራሙ፣ ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሳንባው ይገለጣል። ፎቶው ላይ ከኋላ በኩል አሥር የጎድን አጥንት ያህል መቁጠር ከቻልን አተነፋፈሱ ጥሩ ነው። ትንፋሹ አጭር ከሆነ ልብ ያበጠ ይመስላል፣ የሳንባው ግርጌም ጭጋግ ይለብሳል። ሐኪሙ ወይ ይሳሳታል፣ ወይ «ድገሙት» ይላል። መድገም ማለት ደግሞ ያው ሰው እጥፍ ጨረር ወሰደ ማለት ነው። የአንድ ደረት ራጅ ጨረር በጣም ትንሽ ነው፣ ከ0.02 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ብዙም አይርቅም። ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል እንወስዳለን። ቢሆንም ቋንቋችን ስለተኮላተፈ ብቻ ሰው ላይ የምንጨምረው ጨረር ትንሽም ቢሆን ሰበብ የለውም። ሁለተኛውን መንፈቅ የድጋሚ ደብተር አስያዝኳቸው። ተግባር ልምምድ ላይ የተደገመ ፎቶ ሲያዩ ምክንያቱን ይጽፋሉ፤ የታካሚ ስም አይጻፍም። ደብተሩን ስናገላብጥ የማሽን ጥፋት እምብዛም አልነበረም። የተንቀሳቀሰ፣ አየር በደንብ ያልሳበ፣ ያልወለቀ ነገር፣ የጠፋ የግራና ቀኝ ምልክት፤ አብዛኛው ይኸው ነው።

«ያልወለቀ ነገር» የሚለው ለብቻው ሁለት ረቡዕ ወሰደብን። በእኛ አገር ሰው አንገት ላይ የሚገኘው ሀብል ብቻ አይደለም። ማተብ አለ፣ መስቀል አለ፣ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አለ፣ የሂጃብ መርፌ አለ። ወፍራም ሹሩባ ትከሻ ላይ ከወረደ ደግሞ የሳንባው ጫፍ ላይ ጥላ ይጥላል። የሳንባ ነቀርሳ የሚፈለገው በተለይ እዚያ ነውና ነገሩ ቀልድ አይደለም። ሹሩባውን ወደ ላይ ማሰር ይበቃል። ክታቡ ነው ፈተናው። አንድ ተማሪያችን ልምምድ ላይ አንዲት እናት አላወልቅም ብለው እንቢ አሉት። አልተጨቃጨቀም። «አብሽሩ እማማ፣ ከእርስዎ አይለይም። እጅዎ ውስጥ ጭብጥ አድርገው ይያዙት» አላቸው። እጃቸው ወገባቸው ላይ ስለሚሆን ከፎቶው ውጭ ነው። ራጁ ባንዴ ወጣ። ይህን ከየትኛውም መጽሐፍ አላነበበውም።

ከሁሉም የከበደን የእርግዝና ጥያቄ ነበር። የሆድ ወይም የዳሌ ራጅ የታዘዘላትን ወጣት አባቷ አጠገቧ ቆሞ ሳለ «እርጉዝ ነሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ምን እንደሚያመጣ መንገር አያስፈልግም። አትመልስም። ብትመልስም አይደለሁም ነው። መፍትሔው እዚያው ሙያው ውስጥ ነው ያለው። ክፍሉ ውስጥ ያለ ምክንያት ማንም እንዲቆም አይፈቀድም። «አባባ፣ ለጨረር ጥንቃቄ ሲባል ውጭ ይጠብቁን» ትላለህ፤ ውሸትም አይደለም። በሩ ሲዘጋ «የወር አበባሽ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?» ብለህ በዝግታ ትጠይቃለህ፤ ሴት ባልደረባ ካለች ደግሞ እሷ ትጠይቅ። ወንዶቹ ተማሪዎች ይህችን ጥያቄ ሳያፍሩ ለመጠየቅ ብዙ ሳምንት ፈጀባቸው። አንዱ አሁንም ጣሪያ ጣሪያ እያየ ነው የሚጠይቀው።

ጥቅምት 29 የዓለም የራዲዮግራፊ ቀንን አከበርን። ቪልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው በዚህ ቀን፣ እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ የሚስቱን እጅ ራጅ አነሳ፤ ፎቶው ላይ አጥንቷና ቀለበቷ ጎልተው ይታያሉ። አንዱ ተማሪ «ቀለበትሽን አውልቂ ማለት ረስቷል» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጡ እንግዶቻችን ደግሞ ራጅ የተነሳ ሰው ጨረሩ ቤተሰቡ ላይ ይጋባ እንደሆነ ጠየቁ። አይጋባም። አምፖል ሲጠፋ ብርሃኑ ክፍሉ ውስጥ እንደማይቀር፣ ኤክስሬይም ማሽኑ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ወተት መጠጣት ጨረር ያወጣል ወይ ያለም ነበር። ወተት ጥሩ ነው፤ ጨረር ግን አያወጣም። የሚያድነው ሦስት ነገር ነው፦ አጭር ጊዜ፣ ርቀት፣ መከለያ። ርቀቱን በስልክ ባትሪ አሳየናቸው። ከግድግዳው የነበረንን ርቀት እጥፍ ስናደርገው ብርሃኑ አራት እጥፍ ቦታ ላይ ተዘርግቶ ሳሳ። ዋርድ (የተኙ ታካሚዎች ክፍል) ውስጥ በተንቀሳቃሽ ማሽን ስንሠራ ሁለት ሜትር ፈቀቅ የምንለው ለዚሁ ነው።

ጨረር ስለሚከልለው የእርሳስ (የሊድ) ሽርጥም አንድ ነገር ልበል፣ ተናድጄ ነው። ሽርጥ አይታጠፍም። ወንበር ላይ አይጣልም። ከታጠፈ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ከላይ አይታይም። የለበሰው ሰው የተጠበቀ እየመሰለው ይሠራል። የክበቡ አባላት መስቀያ በራሳቸው ሠርተው ላቡ ውስጥ ተክለዋል። እባካችሁ ጃኬት አትስቀሉበት።

የረመዳን ሰሞን ሰዓቱን ወደ ጠዋት ቀየርነው፤ ተሳትፎው ቀነሰ። ተመራቂዎቹም ከሚያዝያ ወዲህ ለመውጫ ፈተና ሲያነቡ ጠፉብን። አልተቀየምኳቸውም።

ለከርሞ ሲቲ ስካኑ ይገባል፣ ቃል ነው። ከዚያ በፊት ግን የትንፋሽ ትእዛዙን በቋንቋ ማስፋት እንፈልጋለን። ደሴ ለሕክምና የሚመጣው ሰው ከባቲም ከከሚሴም ከአፋርም ነው። ኦሮምኛ የሚችሉ ሁለት አባላት «ይሳቡ፣ ይያዙ፣ ይተንፍሱ» የሚለውን በስልክ ቀድተውልናል፤ ልምምድ ላይም ሠርቶላቸዋል። አፋርኛ የሚችል ግን አላገኘንም። የየትኛውም ዲፓርትመንት ተማሪ ቢሆን ይምጣልን። ረቡዕ ከሰዓት ስኪል ላብ ነን።