ምጣዶቹን ከመግዛትሽ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

የእቁቡ ዕጣ ሲደርስሽ ሁለት ምጣድ ገዝተሽ እዚያው አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ላሉ ምግብ ቤቶች በቀን 200 እንጀራ ልታቀርቢ እንዳሰብሽ ስትነግሪኝ ደስ ብሎኛል። በእጅሽ ሙያ አልጠራጠርም። ነገር ግን ለቤት መጋገርና ለሰው ማቅረብ ለየቅል ናቸው፤ ብሩን ከማውጣትሽ በፊት ሚዛን፣ ቆጣሪና ደብተር ይመስክሩልሽ።

መጀመሪያ ጤፉ። የምንጃሩም የአድአውም አዳማ ይደርሳል፤ ዋጋው ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። አዲሱ ምርት ሲገባ ይረግባል፣ ክረምት ላይ ይወደዳል። በጥር ዋጋ አስልተሽ የተዋዋልሽበት እንጀራ ሐምሌ ላይ ሊያከስርሽ ይችላል፤ ዋጋው ከጤፍ ጋር እንደሚከለስ ከመጀመሪያው ተነጋገሪ። ኩንታሉን ሦስት ጊዜ መዝኚው፦ ስትረከቢ፣ ከተበጠረ በኋላ፣ ከወፍጮ ሲመለስ። በመሀል የጎደለው ሁሉ የከፈልሽበት ነው። ከዚያ 10 ኪሎ ዱቄት ለብቻው አቡክተሽ የወጣውን እንጀራ ቁጠሪ። የተቀደደውንና ዓይን ያላወጣውን ግን አትቁጠሪው፤ ምግብ ቤት አይቀበለውም። ሩዝ ቀላቅለው ወጪ የሚቀንሱ አሉ፤ ትኩሱ ያምራል፣ ሲያድር ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል። አንቺ አትግቢበት።

ወጪውን ስትጽፊ ከጤፉ ሌላ ወፍጮውን፣ መብራቱን፣ ማሰሻውን፣ ማድረሻ ባጃጁን፣ የምታግዝሽን ልጅ ደመወዝና የራስሽን ድካም ጨምሪ። የራስሽን ድካም የምለው አውቄ ነው። እሱ ካልተጻፈ ያለ የሚመስለው ትርፍ አንድ ሳምንት ታመሽ ጋጋሪ የቀጠርሽ ዕለት ይጠፋል።

መብራቱን አደራ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። ሁለቱ አብረው ሲበሩ ወደ 35 አምፔር ይጠጋል፤ የቤታችን አሮጌ ሽቦ ይህን አይችልም። ለእያንዳንዱ ምጣድ ከብሬከር የሚነሳ፣ 4 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የራሱ ሽቦ ይዘርጋለት። ማከፋፈያ ላይ ፈጽሞ እንዳትሰኪው። አሁን ባለሽ ምጣድም ቢሆን ግማሽ ሰዓት ከጋገርሽ በኋላ የእጅሽን ጀርባ ወደ ሶኬቱ አስጠጊው፤ የሚያቃጥል ከሆነ ወይም ፕላስቲኩ ከጠቆረ መስመሩ ተዳክሟልና ብሬከሩን አጥፍተሽ ባለሙያ ጥሪ። ሂሳቡን በተመለከተ ደግሞ፣ አንድ ምጣድ በሰዓት 20 እንጀራ ቢያወጣ 200ው የ10 ሰዓት ሥራ ነው፣ በቀን ወደ 35 ኪሎዋት ሰዓት። በወር 26 ቀን ብትጋግሪ 910 ይሆናል። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ስለሚከብድ በአሁኑ የቤት ሂሳብ አባዝተሽ አትገምቺ።

መብራት ሲጠፋ ሊጡ አይጠብቅሽም። በአዳማ ሙቀት ቶሎ ይኮመጥጣል። ያቀረረውን ውሃ ካፈሰስሽ በኋላ አብሲቱን ለሁሉም ሊጥ በአንዴ አትጣይ፤ ለሁለት ከፍለሽ ግማሹ ሲያልቅ ለቀሪው ጣይ። መብራት ቢጠፋ የሚበላሽብሽ ግማሹ ብቻ ይሆናል። የማገዶ ምጣዱንም እንዳትሸጪው። ሌላው፣ ሰፌድ ላይ ሳይበርድ የተደራረበ እንጀራ ላብ ያወጣና ይጣበቃል፣ ቶሎም ይሻግታል። ለ200 እንጀራ ማብረጃ የሚሆን ቦታ በዚያች ማድ ቤት አለ ወይ? ይህን በደንብ እይው፤ ብዙ ሰው ምጣዱን ይገዛና ማብረጃውን ይረሳል።

ከሁሉ በላይ የምፈራልሽ ዱቤውን ነው። ምግብ ቤቶቹ በየ15 ቀኑ እንክፈል ካሉሽ 3,000 እንጀራ ሰው እጅ ነው። ከኪሎ አራት እንኳ ቢወጣልሽ ሰባት ኩንታል ተኩል ዱቄት ማለት ነው። አንደኛው ምግብ ቤት ክፍያውን በሳምንት ቢያዘገይብሽ ቀጣዩን ጤፍ በምን ትገዢያለሽ? ስለዚህ የሦስት ሳምንት ጤፍ መግዣ የማይነካ ብር ከእቁቡ ይቀመጥ። ያ ካልተረፈ ሁለተኛው ምጣድ ይቆይ። ከደንበኞችሽ ስጋ ቤት ካለ ደግሞ ሁዳዴን አስቢ፤ 55 ቀን ዘግተው ይከርማሉ። ከመካከላቸው በያይነት የሚሸጥ ቤት ይኑርሽ። ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥሩን አብረን እንጨርሳለን።

የምለምንሽ አንድ ወር ነው። ባለሽ አንድ ምጣድ በቀን 40 እንጀራ ለጎረቤትና ለሱቅ፣ በእጅ በእጅ ሽጪ። ማታ ማታ የተጋገረውን፣ የተሸጠውን፣ የተረፈውን፣ የተበላሸውን ጻፊ። በወሩ መጨረሻ የድካምሽን ከፍሎ ትርፍ ካለው፣ ጉልበትሽም ከቻለው፣ አዲሶቹን ምጣዶች እኔ ራሴ አብሬሽ ሄጄ እመርጣለሁ። ትርፉ የማይታይ ከሆነ ወይም ጉልበትሽ ካበጠ፣ ጋጋሪ የሚቀጠርበትን ሂሳብ እንደገና እንሠራለን። የጡረታሽን ገንዘብ ግን በምንም መንገድ አትንኪው።

ሚዛኑንና ደብተሩን በዚህ ሳምንት እልክልሻለሁ። እስከዚያው ቆጣሪው ላይ የሚነበበውን ቁጥር ዛሬውኑ ጽፈሽ አስቀምጪልኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ